ቁልቁለቱ ላይ ወረድኩ

«አባባ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን! የማንኛችን ይበልጣል?» አለችኝ የልጅ ልጄ ጽዮን። እሷ ነጩን የጌም ማጫወቻ ገዝታለች፤ ወንድሟ ቢኒያም ጥቁሩን ይዞ መጥቷል። ከምሳ ጀምሮ ይጨቃጨቃሉ። «ያንተ አዲስ ጌም የአምናው ነው፤ ቀለም ቀብተው ነው የሸጡልህ!» ትለዋለች። «ያንቺንስ መች ጨርሰው አወጡት?» ይላታል። እኔ ስለ ሳጥኖቹ ምን አውቃለሁ? በየጌማቸው ቴሌቪዥኑ ላይ የሚጋልቡትን ፈረሶች ብቻ ዐየሁና «የጽዮን ይሻላል፤ ቁልቁለት ሲያይ ጆሮውን ያቆማል» አልኩ። ቢኒያም ሳቀና «እንግዲያው በሷው ፈረስ ይግጠሙኝ» ብሎ ጆይስቲክ የሚሉትን የጌም መንጃ እጄ ላይ አኖረው።

ዳሌዬ ተሰብሮ፣ አገሬ መዘዞ የነበረውን ፈረሴን ሸጬ ደብረ ብርሃን ልጄ ቤት ከገባሁ ወዲህ ልጓም ነክቼ አላውቅም። ሜዳውን ጽዮን እያሳየችኝ ደህና ጋለብኩ። ገደሉ አፋፍ ላይ ስንደርስ ግን «ከፈረሱ መውረጃው ቁልፍ የቱ ነው?» አልኳት። ነገረችኝ። ከፈረሱ ወርጄ፣ እየሳብኩት በእግሬ ቁልቁል መሄድ ጀመርኩ።

«ኧረ አባባ፣ ይጋልቡ! ሊቀድመን ነው!» ብላ ጮኸች።

«ቁልቁለት ላይ ተቀምጠውበት ጉልበቱ ቢሰበርስ? የኔን አንድም ቀን ቁልቁለት ላይ ተቀምጬበት አላውቅም» አልኳት።

ቢኒያም መጨረሻው ላይ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ፈረሱን ገታና ወደ እኔ ዞረ።

«ቀስ ብለው ያውርዱት አባባ፤ እዚህ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ» አለኝ።