እንስሳት ለምን ጎማ አላበቀሉም

የሰበታው ታክሲ መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ተቃውሞ ስለነበር አስፋልቱ በድንጋይ ተዘግቷል። ከኋላዬ አንዲት ተማሪ ምሳ ዕቃ ላቀፉ እናት ታወራለች።

«እማማ፣ እንስሳት ለምን ጎማ እንዳላበቀሉ ያውቃሉ?»

«አሁን ይሄ ምን የሚሉት ወሬ ነው?»

«የባዮሎጂ መምህራችን ጠይቆን ነበር።»

«ቶሌ፣ እሺ፣ ለምን?»

«ጎማ የተጠረገ መንገድ ይፈልጋል። እግር ግን ድንጋዩንም ጭቃውንም ተሻግሮ ያልፋል።»

«ታዲያ እኛን እዚህ ምን አስቀመጠን?»

«በእግር ሊሄዱ? ሩቅ እኮ ነው።»

«ወንዱ ልጄ ፖሊስ ጣቢያ ታስሯል። ስንቅ የሚቀበሉት እስከ ስድስት ሰዓት ነው።»

«ተኩስ ቢኖርስ?»

«ትናንት መንገድ ተዘግቷል ብዬ ቀረሁበት። ዛሬ አልቀርበትም። ረዳት፣ በሩን ክፈትልኝ።»

ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አጠበቅሁ።