የሽማግሌው እንግሊዝኛ

ደሴ፤ ጡረታ የወጡት የእንግሊዝኛ መምህር ተካልኝ ለእህታቸው ልጅ ለይድነቃቸው ሽማግሌ ሆነው መቅደላዊትን በጠየቁ በሳምንቱ፣ የልጅቷ እናት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሳሎናቸው መጥተው ተቀምጠዋል።

ጥሩወርቅ፦ ሻዩ ይቆየኝ መምህር። መጀመሪያ ቃሉን ይንገሩኝ።

ተካልኝ፦ የቱን ቃል?

ጥሩወርቅ፦ አይሸሹኝ እንጂ! ባለቤቴ «የልጁ ጠባይ እንዴት ነው?» ብለው ሲጠይቁዎ «አሜሊዮሬሽን ላይ ነው» አሉን። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ማን ደፍሮ አልገባኝም ይበል? ወንድሜማ ማዕረግ መስሎት ለሰፈሩ ሁሉ እያወራ ነው።

ተካልኝ፦ ኧረ በማርያም! ማዕረግስ አይደለም።

ጥሩወርቅ፦ ታዲያ ምንድን ነው?

ተካልኝ፦ እ... መሻሻል ማለት ነው። እንግሊዞች ከፈረንሳይ ወሰዱት፤ ሥሩ ግን ላቲን ነው። «ሜሊዮር» ይላሉ፣ «የተሻለ» ለማለት። በተራ ወሬ አይነገርም፤ ሪፖርት ላይ፣ ጉባኤ ላይ...

ጥሩወርቅ፦ እኛ ቤት ጉባኤ ነበር እንዴ?

ተካልኝ፦ ለክብራችሁ ብዬ ነው።

ጥሩወርቅ፦ እሺ። ጎረቤቴ ያማረ ቤት ሠርታ፣ በላዩ ደግሞ በረንዳ ብትጨምርበት፣ እሱም አሜሊዮሬሽን ይባላል?

ተካልኝ፦ አይ፣ እሱስ አይባልም።

ጥሩወርቅ፦ ለምን? መሻሻል አይደለም?

ተካልኝ፦ ቃሉ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለችግር ነው። የድሆች ኑሮ፣ የእስረኞች አያያዝ... የከፋ ነገር ሻል ሲል።

ጥሩወርቅ፦ የከፋ ነገር።

ተካልኝ፦ አይ አስተማሪነት! ራሴን በራሴ አጋለጥኩ።

ጥሩወርቅ፦ የይድነቃቸው የከፋው ነገር ምን ነበር?

ተካልኝ፦ መጠጥ። ይጠጣ ነበር ወይዘሮ ጥሩወርቅ። መንገድ ላይ ወድቆ ደግፌ ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ግን አልቀመሰም፤ ወደ ሥራውም ተመልሷል።

ጥሩወርቅ፦ ይህን በአማርኛ ለማለት ምን ቸገረዎት?

ተካልኝ፦ አፈርኩ። አብረውኝ ሽማግሌ የሆኑት ቄስ በተቀመጡበት «የእህቴ ልጅ ሰካራም ነበር» ማለት ከአፌ አልወጣ አለ። ልጁ እኮ «ሁሉን ንገርልኝ፣ ተደብቄ አላገባም» ብሎ ለምኖኛል። ስመለስ «ነገርካቸው?» ሲለኝ «አዎ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ዐይኑን ማየት አቅቶኛል።

ጥሩወርቅ፦ ልጄን ያስተማሯት እርስዎ ነዎት። እርስዎን አምነን ነው ሌላ ሰው ያልጠየቅነው።

ተካልኝ፦ እሱን አያንሱብኝ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል። ነገ ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ ልምጣና ሁሉን ልናገር። በእኔ ጥፋት ግን ልጁ አይቀጣ።

ጥሩወርቅ፦ ልጁ ትናንት ቤታችን መጥቶ ነበር። «አጎቴ ነግሯችኋል» ብሎ ስለ መጠጡ አንድ ሳይደብቅ አወራን። የምናውቅ መስሎት ነው።

ተካልኝ፦ ወይኔ! ባለቤትዎ ምን አሉት?

ጥሩወርቅ፦ አቅፈው ሳሙት። ልጁን ወደነዋል መምህር፤ ለቀጠሮው ቀን ግን ሌላ ሽማግሌ ይላክ።