የግራው ጎማ

ነይ ሸዋዬ፣ ግቢ፣ እዚህ ጋ ተቀመጪ። ከሜክሲኮ ታክሲ በቀላሉ አገኘሽ? እኛ እኮ ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ "ወራጅ" የት ጋ እንደሚባል እንኳ ጠፍቶናል። ሻይ ይቅደምልሽ። የሽማግሌዎቹን ነገር ልትነጋገሪ እንደመጣሽ ገብቶኛል... ምን ያስቸኩለናል? መጀመሪያ አንድ ጨዋታ ላጫውትሽ። ስም አልጠራም፣ አንቺም አትጠይቂኝ።

የነፍስ ይማር ባለቤቴን ላንድክሩዘር ታውቂያት የለ? አርጅታለች፣ ግን ልጄ ልደት ከሷ ሌላ መኪና አይታያትም። በቅርቡ የኋላ ፍሬኗ ሲያፏጭ፣ ጎማውም ማጓራት ሲጀምር፣ በቀኝም በግራም የፍሬን ዲስኩና ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ይቀየር ተባለ። አዲሱን ዕቃ ልጄ ራሷ ገዝታ አመጣች። መቼም ያገራችንን ጋራዥ ታውቂዋለሽ፤ አጠገቡ ካልቆምሽ አዲሱ ዕቃ ወደ ጓዳ ይገባና አሮጌው ታጥቦ ይመለሳል። ታዲያ አንድ የተባረከ ልጅ፣ ማንም ሳይለምነው፣ "እኔ እቆማለሁ ማዘር፣ ዓይኔን አልነቅልም" አለ። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ልጅ ከየት ይገኛል?

ጋራዡ ቄራ ነው። ቀኑ ደግሞ ሐሙስ... ነገ ዓርብ ነው ማለት ነው። ጾም አክባሪ ሰው ዛሬ ካልበላ መቼ ሊበላ ነው? ሥጋ ለጅብ አደራ አይሰጥም ይላሉ። እኛ የሰጠነው ብረት ነበር፤ ሥጋው ያለው ማዶ፣ ሥጋ ቤቱ ውስጥ ተሰቅሎ... ታዲያ ልጁ ምን ያድርግ?

ማታ መኪናዋን ይዞ መጣ። "በዓይኔ እያየሁ ነው ያሠራሁት ማዘር፣ ውሃ እንኳ አልጠጣሁም" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ውሃ አልጠጣም። ሸሚዙ ላይ የነበረው አዋዜ ነው። እኔ ሞኟ ግሪስ መስሎኝ "አውልቀው ልጠብልህ" ብዬው ነበር እኮ።

ያለፈው እሁድ ከልደት ጋር እንጦጦ ማርያም ሄድን። ስንመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ... ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? የኛም ጎማ ቀስ በቀስ ለብቻው ሊሄድ ነበር። አሁን እየሳቅሁ ላውራሽ እንጂ፣ ሸዋዬ፣ ፈርቻለሁ። ፍሬኑን ስትረግጠው መኪናዋ ወደ አንድ ጎን እየሳበቻት፣ ልጄ መሪውን በሁለት እጇ አንቃ ይዛ፣ ከንፈሯ ሲደርቅ አይቻለሁ። ያለችኝ እሷ አንዷ ናት። በማርሽና በማርያም ነው የቆምነው።

ሌላ መካኒክ ጠርተን ጎማው ሲፈታ፣ የቀኙ ዕቃ አዲስ ነው፣ ያብለጨልጫል። የግራው... ያው የጥንቱ ኩሽኔታ፣ ግሪስ ተቀብቶ፤ ዲስኩም ያው የተቦረቦረው። ልጁ ምሳ የሄደው መቼ ነው ብለሽ መጠየቅ አያስፈልግሽም፣ ከቀኙ በኋላ ነው። ቀኙን በደንብ ጠብቋል፣ ያንን አልክድበትም። ግማሽ ታማኝ ማግኘትስ በዚህ ጊዜ ዕድል አይደለም?

ልደት? እሷማ አልተቆጣችም። "ራበኝ፣ ሄጄ በላሁ ቢለኝ ስቄ አልፈው ነበር። እኔና አንቺ እንደምንሳፈርባት እያወቀ በዓይኔ አየሁ ያለውን ግን..." አለች። ከዚያ ወዲህ ስልኩን አታነሳለትም። በቃ፣ ሥራ በዝቶባት ይሆናል።

ምነው ሻይሽን ተውሽው? ስኳር አነሰው እንዴ? ልጁ አክስት አለችው፣ በጣም ጨዋ ሴት፣ ቁርጥ አንቺን የምትመስል። እሷን ማን ይቀየማታል? ሽማግሌዎቹን ግን እሁድ በከንቱ አታድክሟቸው፤ የታክሲውን ነገር ራስሽ አይተሽዋል።

ለልጁ ከልቤ ነው የምመርቀው፣ ሳትረሺ አድርሺልኝ። እግዚአብሔር ሰላም ያለው ቤት ይስጠው፤ በሩ ተከፍቶ ቢያድር ምንም የማይጠፋበት... የሚጠበቅ ነገር የሌለበት ቤት። ሚስትም ይስጠው፣ ቆንጆ፣ ደግ... ራሷን በራሷ የምትጠብቅ። አሜን በይ እንጂ፣ ሸዋዬ።