ሃምሳ ስግደት

በመጀመሪያ የተሰማው የልጅ ድምፅ ነበር፤ «ሃያ ስድስት»። ቀጥሎ ጉልበት ሲሚንቶ ሲመታ ተሰማ፤ ከዚያ «ሃያ ሰባት»። ሠረቀብርሃን ከጪጩ ወደ ዲላ ሲመለስ ዝናብ ይዞት ከአንድ አጥር ሥር ተጠግቶ ነበር። የማን ግቢ እንደሆነ ያስተዋለው በሩ ተከፍቶ ጋሽ እንግዳ ብቅ ሲሉ ነው።

«አንተ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህር አይደለህም እንዴ? ደጄ ላይ ስትበሰብስ ሰው ያማኛል፤ ግባ።»

ጋሽ እንግዳ በቡና መጋዘን ሠላሳ ዓመት ሚዛን ላይ ቆመው ጡረታ የወጡ፣ ቅዳሴ የማያስታጉሉ ሰው ናቸው። በረንዳው ላይ የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸው ፍቅርአዲስ ነጠላዋን አጣፍታ ትሰግዳለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ የምታድገው እሳቸው ዘንድ ነው።

«ምን አጥፍታ ነው ጋሼ?»

«ዋሸችኝ። ከጎረቤታችን ልጅ ከሀዊ ጋር ወንዝ ዳር ስትጫወት ውላ ‹ተምሬ መጣሁ› አለችኝ። ሃምሳ ፈረድኩባት። ከልምጭ ይሻላል ብዬ ነው፤ ቢያንስ ከእግዚአብሔር ጋር ትተዋወቅ።»

«በዚህ መንገድ የተዋወቀችውን ብትፈራው ይፈረድባታል?»

«ትፍራው እንጂ፤ ፈሪሃ እግዚአብሔር የሌለው ልጅ ልጓም የሌለው ፈረስ ነው። ደግሞስ የንስሐ አባት ቀኖና ብሎ ስግደት ይሰጥ የለም ወይ? እኔ የፈጠርኩት ነገር አይደለም።»

«ቀኖና መድኃኒት ነው ጋሼ። የሚሰጠውም ‹በድያለሁ› ብሎ አልቅሶ ለመጣ ነው። እሷ ተጎትታ ነው የመጣችው። ለመሆኑ እርስዎ አብረዋት ተንበርክከው ያውቃሉ?»

«ጉልበቴ እኮ ነው ያስቸገረኝ። ለብቻዬ ሌሊት ተነሥቼ እጸልያለሁ።»

«ያኔ እሷ ተኝታለች።»

«ሠላሳ ሦስት» አለች ልጅቷ።

ሠረቀብርሃን ለሽማግሌው መንገር ያለበትን አንድ ነገር ስድስት ዓመት በሆዱ ይዞት ኖሯል። የተሸከሙት ሐዘን ይበቃቸዋል እያለ ነበር ዝም ያለው። አሁን ግን ቁጥሩ እየጨመረ ሲሄድ ዝም ማለት አልሆነለትም።

«ዘርዓብሩክን የዛሬ ስድስት ዓመት ወናጎ አግኝቼው ነበር» አለ።

ጋሽ እንግዳ ከዘራቸውን ጨበጥ አደረጉ። የሠረቀብርሃን ጓደኛ የነበረው ወንድ ልጃቸው ከቤት ከወጣ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ለእህቱ ቀብር የመጣ ጊዜ እንኳ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆሞ ነው የተመለሰው።

«ምን አለህ?»

«አብረን ስንሄድ የቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ። ቆሞ ጉልበቱን እያሸ ‹ይህን ስሰማ እስከ ዛሬ ያመኛል› አለኝ። ምግብ ሲደፋ ሠላሳ፣ ሲያመሽ መቶ ያሰግዱት እንደነበር አጫወተኝ። ‹አባቴ ሲያመሰግን ሰምቼው አላውቅም› አለ።»

ሽማግሌው ወደ ልጅቷ ዞር አሉ።

«እኔ እኮ ጓደኛ አበላሸው ስል ነው የኖርኩት። አንተንም ሳይቀር አምቼሃለሁ።»

«ሰምቻለሁ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ዝም ብዬ ልልቀቃት?»

«ልቀቋት አላልኩም። ስትዋሽ ይቅጧት፤ ዕቃ ትጠብ፣ ጨዋታ ይቅርባት። ጸሎትን ግን ከቅጣት ይለዩላት። ከራት በኋላ አብራችሁ አባታችን ሆይ በሉ። በዋለችበት ያስደሰታትን ትንገርዎ፤ ስለ እሱ አመስግኑ። ሲበድሏትም ይቅርታ ይጠይቋት። ይቅርታን ከአያቱ አፍ የሰማ ልጅ፣ እግዚአብሔር ይቅር ባይ ነው ሲሉት ለማመን አይቸግረውም።»

እውነቱን ነበር። ልጅ ሃይማኖትን ከሚነገረው ይልቅ ከሚያየው ይወርሳል። በፍቅር የተማረ ቢርቅ እንኳ የሚመለስበትን ደጅ ያውቀዋል፤ በፍርሃት የተማረ ግን ጉልበቱ የጠና ቀን መጀመሪያ የሚሸሸው ያንኑ ደጅ ነው። ጋሽ እንግዳ ይህን ለማወቅ አንድ ልጅ ከፍለውበታል።

«ፍቅሬ፣ ይበቃል፤ ተነሺ» አሉ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

«አርባ አንድ» አለች። ቀና ብላም አላየቻቸው። «ሃምሳ ነው ያሉኝ።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ የበረንዳውን ቋሚ ይዘው አጠገቧ ተንበረከኩ። አርባ ሁለትን አብረው ሰገዱ። ሲነሡ ያቃስታሉ፤ ልጅቷ እስኪነሡ ትጠብቃቸዋለች። ከአርባ አምስት በኋላ እሳቸው ቁጥሩን ትተው «ተመስገን» ይሉ ጀመር። እሷ መቁጠሯን አልተወችም። ሠረቀብርሃን ፊቱን ወደ ዝናቡ አዞረ።

ሃምሳ ሲሞላ ፍቅርአዲስ ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈች። አያቷ ገና በጉልበታቸው ነበሩ። ነጠላዋን አውልቃ ከዘራው ላይ አንጠለጠለችው፤ የግቢውን በር ከፈተችና በዝናቡ ወደ እነ ሀዊ ቤት ሄደች።