ቀሚሴን ለብሳ ላሜን አለበች

እስቲ ፍረዱኝ። በካንሰር የተነሳ ግራ ጡቴን በቀዶ ጥገና አስወጥቼ አምበር ከተማ ያለው ቤቴ ከገባሁ ሁለት ሳምንት ቢሆነኝ ነው። እጄን ወደ ላይ ማንሳት ስለማልችል ላሜን ቦራን ጎረቤቴ ትርንጎ ታልብልኛለች። ቦራ ደግሞ ከእኔ በቀር ሰው የማታስጠጋ ላም ናት፤ ባሌን እንኳ አንዴ በእርግጫ ብላ ጥላዋለች። ትርንጎ ግን በየጠዋቱ ማለቢያውን ሞልታ ትመጣና፣ "አይ ላም! እንዴት ያለች ገር ናት!" ትለኛለች። እኔ አልጋዬ ላይ እርር እላለሁ። ሳልሞት ቦራ እንዲህ ቶሎ ትርሳኝ?

አንድ ጠዋት አላስችል ብሎኝ ግድግዳውን ተደግፌ እስከ በሩ ወጣሁ። ትርንጎ የእኔን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ ታልባለች።

"ምነው ትርንጎ፣ ቀሚሴን ደግሞ?" አልኳት።

ደንግጣ ወደ እኔ ዞረች። "እህቴ፣ ካለዚህ መች ታስጠጋኛለች ብለሽ! ያንቺን ጠረን ካላገኘች ወተቷን ትይዛለች።"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ላሜ አልረሳችኝም። ዓይኔ ግን ቀሚሱ ደረት ላይ ተተክሎ ቀረ። በግራም በቀኝም ሞልታዋለች። አንጀቴ ቅጥል አለ።

"ቦራዬ!" ብዬ ተጣራሁ።

ቦራ ድምፄን ስትሰማ ማለቢያውን በእግሯ ደፍታ ወደ እኔ መጣች። ትርንጎ በዚያ ቀሚስ ወተት በወተት ሆና ቀረች። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ስፌቴ እስኪያመኝ ድረስ ሳቅኩ።