የገጽ ሠላሳ አንድ እርማት

ደረጃ ላይ ሰው የሚገጭ ሰው አንድም ቸኩሏል፣ አንድም ተቆጥቷል። ጋሽ መርፌ ያን ዕለት ጠዋት በሁለቱም ምክንያት ገጩኝ። ጋሽ መርፌ የምንላቸው የላይኛው ፎቅ ጎረቤቴን ነው፤ አርባ ዓመት የስፌት መኪና ሲጠግኑ ኖረዋል። ቅጽል ስሙ ከሥራቸው ይምጣ ከምላሳቸው፣ እስካሁን አልታወቀም።

«ወዴት ነው እንዲህ?» አልኳቸው።

«ክስ ላስገባ!» አሉ፣ የታጠፈ ወረቀት እያወዛወዙ። «መጽሐፌን ሰርቀው በየስልኩ በትነውታል። ማን እንደሆነ ፖሊስ ያውጣው!»

መጽሐፉ ስለ ስፌት መኪና ጥገና ከሃያ ዓመት በፊት የጻፉት ነው። አንዴ ታተመ፣ አሳታሚው ድርጅት ተዘጋ፣ ከዚያ ወዲህ በሻማ ቢፈለግ አይገኝም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ መጽሐፉም ስልኬ ውስጥ ስላለ ዐይናቸውን ማየት አቃተኝ።

«እስቲ አረፍ ይበሉ» ብዬ ወደ መስፊያ ክፍሌ አስገባኋቸው። የእህታቸው ልጅ ቀሚሷን ልታስጠብብ መጥታ እዚያው ነበረች። ሕግ የተማረች፣ የቅጂ መብት ሕጉን በሚያሻሽለው መሥሪያ ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። ወረቀቱን ተቀብላ ስታነብ ፊቷ ወረቀቱን መሰለ።

«አጎቴ፣ ፖሊስ አያድክሙ። የበተንኩት እኔ ነኝ።»

እኔም መቀሱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ፤ ጥንቃቄ አይከፋም።

«አንቺ? በእጄ የሰጠሁሽን?»

«አዎ። ሩቅ ከተማ ልብስ ስፌት የምታስተምር ጓደኛዬ መጽሐፉን አጥታ ስትቸገር፣ ስካን አድርጌ ላክሁላት። እሷም ለሌላው ላከች። አሁን ባለው ሕግ ጥፋተኛ ነኝ። ክሱን ካስገቡት ሥራዬን አጣለሁ፤ ልታሰርም እችላለሁ።»

«ሕግ የማያውቅ ቢሰርቅ አላወቀም እንላለን። አንቺ ምን ሊሉሽ ነው?»

«ሳልጠይቅዎ ማድረጌን አልከራከርም። ሕጉ ግን የተጻፈው፣ መጽሐፍ ማባዛት የማተሚያ ቤት ሥራ ብቻ በነበረበት ጊዜ ነው። የደራሲውን ስም ፍቆ የሚቸበችበውንና ከገበያ የጠፋ መጽሐፍ ለተማሪ የሚልከውን አንድ ላይ ሌባ ይላቸዋል።»

«አንድ ናቸዋ! ዛሬ እንዲያው የወሰደ ነገ ስሜን ይፍቃል። ልፋቴ የሜዳ ሣር ነው እንዴ፣ ያለፈ ያገደመ የሚግጠው?»

«አይደለም። በምናዘጋጀው ረቂቅ ሕግ ስም ፍቆ የሚነግድ ቅጣቱ ይከብድበታል። ገበያ ላይ ያለን መጽሐፍ ያለ ደራሲው ፈቃድ ማንም አይነካም። ከገበያ የጠፋውን ግን ቤተ መጻሕፍት ደራሲውን አስፈቅዶ ለመማሪያ በነፃ ያድለዋል። ደራሲው በቃ ካለም ከስርጭት ያነሳዋል።»

«ነፋስ የበተነውን ዱቄት ማን ይለቅመዋል?»

«ሁሉንም መልቀም አይቻልም» አለች ቀስ ብላ። «እሱን አልዋሽዎትም።»

ሽማግሌው ረቱ። ወረቀታቸውን አጣጥፈው ሲነሡ፣ እኔም ዝም ብል ሆዴ እንደማይችል አወቅሁ።

«ጋሼ፣ ተከሳሽ ይጨምሩ። እኔም አለኝ። መኪናዬ ክር እየበጠሰ ቢያስቸግረኝ በዚሁ ነው ያበጀሁት።»

«ክር እየበጠሰ?» ድምፃቸው ተለወጠ። «ገጽ ሠላሳ አንድን አይተሽ?»

ገጽ ሠላሳ አንድ የእሳቸው ቁስል ነው። የጠበቀ ክር ለማላላት ብሎኑ ወደ ግራ ይዞራል፤ መጽሐፉ ግን ወደ ቀኝ ይላል። ስህተቱን ያዩት ከታተመ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀይ እስክሪብቶ ከኪሳቸው ተለይቶ አያውቅም። መጽሐፉን ካዩ ሰላምታ ሳይጨርሱ ያርማሉ፤ ሐዘንተኛ ሊያጽናኑ የገቡበት ቤት እንኳ አልቀራቸውም።

«ወደ ግራ ነው ያዞርኩት» አልኳቸው።

«ማን ነገረሽ?»

«እርስዎ!» ስልኩን ከፍቼ ሰጠኋቸው። «ቀኝ» የሚለው በቀይ ተሰርዞ፣ ከላዩ በእጅ ጽሕፈታቸው «ግራ! ይቅርታ» ይላል።

መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«የሰጡኝ ያረሙትን ነበር» አለች ልጅቷ። «የሚያነበው ሁሉ የሚያየው ይህንኑ ነው። ስምዎም አልተነካም። የጓደኛዬ ተማሪዎች በሙሉ ወደ ግራ ነው የሚያዞሩት።»

ጋሽ መርፌ ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉና ሳቁ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ክር በተበጠሰ ቁጥር የምረገም ይመስለኝ ነበር። በእግሬ ዞሬ ያልጨረስኩትን አንቺ ጨረስሽልኝ!» ከዚያ ኮስተር አሉ። «ቢሆንም መጠየቅ ነበረብሽ።»

«ነበረብኝ።»

«ታዲያ ጠይቂኛ!»

«አጎቴ፣ መጽሐፍዎን ለመማሪያ ላሰራጨው ይፈቅዱልኛል?»

«እንዲህ ነው እንጂ! ፈቅጃለሁ።» እስክሪብቷቸውን አወጡና ከወረቀቱ አናት «ክስ» የሚለውን ሰርዘው «አስተያየት» ብለው አረሙ። በጀርባው ለልጅቷ መሥሪያ ቤት እንዲህ ጻፉ፦ «ስሜን የፋቀ ይቀጣ። ሊማር የፈለገ ይማር። ሁለቱን የሚለይ ሕግ አውጡልን። እኛን መጠየቅም አይረሳ።»

እኔ ከሕግ የማውቀው ጥቂት ነው። ግን የደራሲን ላብ የሚያስከብር፣ እውቀቱን ከተዘጋ አሳታሚ ጋር የማይቀብር፣ ስህተትንም ለማረም ጊዜ የሚሰጥ ሕግ ለሁላችንም ይበጃል። ደራሲው አንባቢ ያገኛል፤ አንባቢውም ሳይሳቀቅ ያነባል፤ እኔም ጎረቤቴን ዐይን ለዐይን አያለሁ።

ልጅቷ ቀሚሷን ሳትለካ ወረቀቱን ይዛ ወደ ሥራዋ ሮጠች። ጋሽ መርፌ እያፏጩ ደረጃውን ወጡ። ጠረጴዛዬን ሳስተካክል ቀይ እስክሪብቶው ከክሮቹ መካከል ተኝቶ አገኘሁት። ረስተውት ሄደዋል።