ለእንግዶች የተቀባው ሰም

ጋሽ መኳንንት፣ ዛሬ በጡረታ መሸኛዎ ቀን እርስዎ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፣ እኔ እናገራለሁ። በዚህ የስፖርት አዳራሽ እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን የመጀመሪያው ነው፤ ባለቤትዎ ወይዘሮ ጥሩብርሃንም ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ቀን አይተው አያውቁም መሰለኝ።

እርስዎ ሥራ የጀመሩ ቀን እኔ ገና አልተወለድኩም። ያወራችልን እትዬ ዘመነች ናት፤ ያኔም ትኬት ትቆርጥ ነበር። አሥራ ስምንት ማዞሪያ ከታክሲ ወርደው፣ አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ። የአዳራሹን የጣውላ ወለል ከበሩ ላይ ሲያዩት ጫማዎን አወለቁና በካልሲ ገቡ። የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ “ወንድሜ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ ማዶ ነው” አለዎት። እርስዎም “እሱንማ አውቃለሁ፣ ይሄን በጫማ የሚረግጠው ማነው?” አሉት ይባላል። አንደኛው ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ እንደነበር እትዬ ዘመነች ትምላለች።

ከዚያ ወዲህ በወለሉ ምክንያት ያልተቆጡት ሰው የለም። ለፎቶ የመጣች ሙሽራን ታኮ ጫማ አስወልቀው በባዶ እግሯ ያስገቡ ሰው ነዎት። ስብሰባ ላይ እጅዎን አውጥተው “አንዲት ነገር ብቻ” ሲሉ፣ ጥበቃው ነገሬ ንግግርዎ እንደሚረዝም ስለሚያውቅ የምሳ ዕቃውን ይከፍታል። ስልክ ሲያወሩ ደግሞ አየር ጤና ድረስ ስለሚሰማ፣ ስልኩ ምን እንደሚያደርግልዎ እስከ ዛሬ አልገባንም።

ዓለም አቀፉ የወንዶች የቤት ውስጥ ሆኪ ውድድር እኛ ጋ እንዲካሄድ ሲወሰን፣ የሜዳ ዝግጅቱ ለእኔ ተሰጠ። ዱላዎቹ ከካርቶን ሲወጡ አንዱን አነሡና “ማራናታ፣ ይሄ የገና በትር አይደለም እንዴ? ማነው ያሳጠረው?” አሉኝ። በሁለት ዲግሪዬ አስረዳሁዎት። በአንድ ወገን ስድስት ሰው ነው፣ የሜዳው ጎንና ጎን በአጭር ጣውላ ይታጠራል፣ ኳሷም ወደ ጎል ካልተመታች በቀር ከመሬት አትነሣም። እርስዎ ግን የጠየቁኝ ስለ ወለሉ ነበር። በውሃ ብቻ ይወልወል፣ ሌላ ምንም እንዳይነካው አልኩ። እሺ አሉኝ።

እሺ ያሉኝ ከልብዎ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ከአምስት አገር እንግዳ ሊመጣ ነው። እንግዳ ሲመጣ በየቤታችን ምን ይደረጋል? ወለል ሰም ይቀባል። አላስቻለዎትም።

በመክፈቻው ጠዋት አዳራሹ እንደ መስታወት አበራ። የኬንያው አጥቂ ወደ መጀመሪያዋ ኳስ ሮጠ። ኳሷ ቆመች፣ እሱ ግን መቆም አቃተው፤ የዳሩን ጣውላ ተሻግሮ የክብር እንግዶቹ እግር ሥር አረፈ። የውድድሩ ዳኛ ፊቱ ቀልቶ ጨዋታውን ሲያስቆም፣ እርስዎ ጠጋ ብለው “በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ብለሽ ተርጉሚለት” አሉኝ። አልተረጎምኩም። ሙቅ ውሃና ሳሙና ይዘን ተንበረከክን፤ ተጫዋቾቹም አብረውን ተንበረከኩ። ከሰዓት በኋላ ጨዋታው ቀጠለ፣ ውድድሩም ማንም ሳይጎዳ ተጠናቀቀ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን አያስቅም። አዘጋጅ ኮሚቴው ጥፋተኛ ፈለገና እኔን አገኘ። ሰሙን ማን አስቀባው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ልጅ ናት፣ ልምድ የላትም፣ የወንዶች ውድድር ከብዷት ነው ተባለ። ከሥራ ታገድኩ። ይቅርታ ከጠየቅሽ ትመለሻለሽ አሉኝ፤ ባልሠራሁት ይቅርታ አልጠይቅም አልኩ። ዓለም ባንክ ሰፈር፣ እናቴ ቤት ተቀምጬ ማንም እንዲደውልልኝ አልፈለግሁም። የአንድ ሰው ስልክ ብቻ ነበር የምጠብቀው፤ እርስዎ አልደወሉም። እዚህ ለማሞገስ ብቻ ስላልቆምኩ እናገረዋለሁ፤ በጣም ተቀይሜዎት ነበር።

የመጨረሻው ስብሰባ ላይ፣ ሊያሰናብቱኝ ወረቀቱ ሲዘጋጅ፣ እርስዎ እጅዎን አወጡ። “አንዲት ነገር ብቻ” አላሉም። በቀጥታ “ሰሙን ያስቀባሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ ውሃ ብቻ ብላኛለች” አሉ። ሰብሳቢው ግራ ተጋባና “ጋሽ መኳንንት፣ እርስዎ እኮ ጡረታ ሊወጡ ነው፣ ምን አስጨነቀዎት?” አለ።

“ይሄን ይዤ መውጣቱ ነው ያስጨነቀኝ” አሉት።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ አስቆምኩዎት። ለምን እስከ ዛሬ ዝም አሉ ብዬ ጠየቅሁ። ሰበብ ይደረድራሉ ብዬ ለመልሱ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። “ፈራሁ” አሉኝ። ይኸው ነው። ከእኔ በላይ ከተቀመጡት ሰዎች መካከል ፈራሁ ብሎ የነገረኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። የቀሩት ወደ ሥራ መልሰውኛል፣ ይቅርታ ግን እስከ ዛሬ አልጠየቁኝም። ዛሬም አልመጡም፤ ከፊት ያሉት ባዶ ወንበሮች የእነሱ ናቸው። ምግቡ ለእኛ ተርፎልናል።

አመሰግንዎታለሁ። ስሜን መልሰውልኛል፤ ለዚያም የራስዎን ስም ከፍለዋል።

በሉ እንግዲህ፣ ብርጭቆ እናንሣ። እኔ ለስላሳ ነው የያዝኩት፣ ለምርቃት ይበቃል። ጋሼ፣ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ፤ ከወይዘሮ ጥሩብርሃን ጋር የልጅ ልጅ ለመዳር ያብቃዎ። ከእኔ በኩል የቀረብዎት ዕዳ የለም። ቅያሜዬ አልቋል። ቀልሎዎት ይሂዱ።